ውሃ ይጠፋል ብዬ ውሃ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ኮመንት ላይ ስትመርቁኝ ዋላችሁ። ምርቃቱን መልሼላችኋለሁ። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ቆሞ የሚነበብ አይደለም።

እናንተ የምታውቁት ይህን ያህል ነው፦ ትናንት ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ፔጅ «አስቸኳይ! ከነገ ጀምሮ አሰላ ውስጥ ለሦስት ቀን ውሃ አይኖርም» ብዬ ለጠፍኩ። ዛሬ ውሃ ጠፋ። ስለዚህ እኔ ጎበዝ ጋዜጠኛ ነኝ።

አይደለሁም።

ፔጄን በቅርብ ለተቀላቀላችሁ፣ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮ ላይ ሠርቻለሁ። የዜና አለቃችን ጋሽ ታደሰ፣ ዜና ይዘን ስንገባ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «ማን ነው ያለው?»

«ኧረ ሰው ሁሉ እያወራው ነው» ካልናቸው ወረቀቱን ይመልሱልናል። «ለሰው ሁሉ ስልክ አይደወልም» ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር ያናድድ ነበር። አንዴ የሆነ ገጠር ድልድይ ተሰበረ ተብሎ፣ እኛ ዜናውን አጣርተን ስንጨርስ ድልድዩ ተጠግኖ ሰው እየተሻገረበት ነበር።

ፔጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ፔጅ ላይ ሁለተኛ የወጣ ሰው ዜና አልሠራም፤ ሼር ነው ያደረገው።

እና ትናንት ከገበያ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የማስታወቂያ ፎቶ አየሁ። ማህተም አለው። «ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን» ይላል። የመስመር ጥገና፣ ከእሁድ ጀምሮ፣ ሦስት ቀን። ዓመተ ምሕረቱ ላይ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ተጋድሟል። የከተማው ስም የሚጻፍበት ራስጌ ተቆርጧል።

ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ያቺን አውራ ጣት ማየት ነበረበት።

የከተማው ውሃ አገልግሎት የሚሠሩት ኦቦ ገመቹ ጋ አንዴ ደወልኩ። አላነሱም። ሁለተኛ ልደውል ስል «ሌላ ፔጅ ቢቀድመኝስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ለጠፍኩት። ያቺን የአደጋ ቀይ መብራት ኢሞጂም ከፊት ጨመርኩበት።

ባጃጁ ተሳፋሪ ሊያወርድ ሲቆም ነጂው ስልኩን አየት አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ ውሃ ሊጠፋ ነው አሉ።»

እኔ ያልኩትን፣ ለእኔው።

ሬዲዮ እያለን አንድ አድማጭ ደብዳቤ ከጻፈልን ግድግዳ ላይ እንለጥፈው ነበር። ትናንት ስልኬ እጄ ውስጥ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ደስ ይላል። አልዋሻችሁም፣ በጣም ደስ ይላል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኦቦ ገመቹ መልሰው ደወሉ።

«ልጄ፣ ያ ወረቀት የእኛ አይደለም። ማህተሙን አጉልተሽ እዪው።»

አጎላሁት። የሌላ ከተማ ነው። ያውም የቆየ።

«ቶሎ አንሺው» አሉኝ።

«እሺ ኦቦ» አልኩ።

አላነሳሁትም።

ይኸው፣ ዋናው ኑዛዜዬ ይህ ነው። ሼሩ እየጨመረ ነበር። ምሳዬን በልቼ አነሳዋለሁ አልኩ። ያነሳሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

በቦታው ማስተካከያ ጻፍኩ። ሰባት ሰው ላይክ አደረገው። አንዷ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ፊቷ የመጣውን ሁሉ ላይክ ታደርጋለች። ከሥር የገባው ኮመንት ግን ይህ ነው፦ «አስፈራርተዋት ነው ያነሳችው። እውነት ባይሆን ምን አስነሳት?»

አመሻሹ ላይ በየግቢው ቧንቧ ይፈሳል። ቢጫ ጀሪካን፣ በርሜል፣ ባልዲ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ። ጎረቤቴ ለእንግዳ የምታወጣቸውን ቴርሞሶች ሳይቀር ሞልታ ደርድራለች።

እኔስ? ሁለት ጀሪካን ሞላሁ።

አዎ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ። ሰው ሁሉ ሲሞላ ባዶ ጀሪካን ታቅፎ መቀመጥ ያስፈራል። ሞክሩት።

ዛሬ ጠዋት፣ በጭላሎ ተራራ በኩል ያለው የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ጭጭ አለ። ቀጥሎ መሃሉ። ከዚያ የእናንተ ምርቃት ተጀመረ። «ጀግናችን።» «እንዳልሽው ሆነ።» «እንዲህ ያለ መረጃ ነው የምንፈልገው።»

ኦቦ ገመቹ ደወሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

«የተሰበረ ነገር የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ከተማው ሁሉ ባንድ ቀን ከፍቶ ታንከሩን ጨረሰው። እስኪሞላ እስከ ነገ ይቆያል። እስቲ ይሄንንም ጻፊው።»

ስልኩን ሳላስቀምጥ አዴ ሸምሲያ ደወሉ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ ቤታቸው ላይኛው ሰፈር ነው፤ ዛሬ ልጃቸውን ይድራሉ።

«ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። «አንቺ ባትነግሪን ምን ይውጠን ነበር? በርሜላችንን ሞልተን አደርን። አልበቃንም እንጂ። ነይ፣ ምሳ እዚህ ትበያለሽ።»

ሁለቱን ጀሪካኖቼን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሄድኩ።

ድንኳኑ ተጥሏል። ጓሮ ሴቶቹ ትልልቅ ድስት ከበው ቆመዋል። ሩዙ ተለቅሟል፣ ሥጋው ተከትፏል፣ የሚቀቀልበት ውሃ የለም። የሙሽራዋ ወንድም በፈረስ ጋሪ ውሃ ፍለጋ ወንዝ ወርዷል። ሙሽራዋ በግማሽ ኩባያ ፊቷን ትታጠባለች፤ ከእጇ የሚንጠባጠበውን ሳፋ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

አዴ ሸምሲያ እጄን ይዘው ሴቶቹ መሃል አቆሙኝ። «ቀድማ የነገረችን ይቺ ናት።»

አንዲት አሮጊት «ገለቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩልኝ።

አሚን ሊሉ ሲሉ አላስቻለኝም።

«አዴ፣ ጥገና የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱ የሌላ ከተማ ነው። ውሃውን ያስጨረስኩት እኔ ነኝ።»

የተዘረጉት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

አዴ ሸምሲያ አዩኝ፣ አዩኝና «ታዲያ ውሃው የት ሄደ?» አሉ።

«ሰው ቤት ነው ያለው።»

«የማን ቤት?»

«የሁሉም።»

«እንግዲያው ትንሽ ትንሽ ላኩልን በያቸው። አንቺን ይሰሙሽ የለ?»

መጀመሪያ ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ። በአንድ ጥሪ አነሱ። የሚባለውን አንድ በአንድ አስደግመውኝ ለጠፍኩ፦ «ጥገና የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ውሃው እናንተ በርሜል ውስጥ ነው። ላይኛው ሰፈር ሠርግ ቤት ተቸግረዋልና የተረፋችሁ አንዳንድ ጀሪካን አምጡ።»

አሥር ደቂቃ አልሞላም። «ፔጁ ሃክ ተደርጓል፣ ጀሪካናችሁን እንዳትሰጡ» አላችሁ። ስም አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አዴ ሸምሲያ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። አነበብኩላቸው። ሻሻቸውን አጥብቀው ወደ በር ወጡ። መንገድ ላይ ያገኙትን የባጃጅ ነጂ አስቆሙ፣ ከመስጊድ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች አናገሩ፣ አጥር ለአጥር አንዲት ጎረቤት ጠሩ። ተመልሰው ድስቱ አጠገብ ቆሙ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጀሪካን በትከሻ መጣ። በባጃጅ መጣ። በጋሪ መጣ።

አንዱን ሰውዬ ሸክማቸውን ሲያወርዱ ጠጋ ብዬ «ፖስቴን አይተው ነው?» አልኳቸው። ሥራ በዚህ ይለካል አይደል?

«የምን ፖስት?» አሉኝ። «አዴ ሸምሲያ ልከውብን ነው።»

ሩዙ በሰለ። ኒካሁ ታሰረ። እኔ ግን ከእንግዶቹ ጋር አልተቀመጥኩም። አዴ ሸምሲያ «ስልክሽን እዚያ መስኮቱ ላይ አድርጊ» ብለው ሳፋ አጠገብ አስቀመጡኝ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳህን አጠብኩ። ውሃውን እየቆጠብኩ፣ በአንድ ጆግ ሃያ ሳህን።

በመጨረሻ ምሳዬን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ብዪ፣ ነገ ደግሞ ድስቶቹ አሉ» አሉ። ይቅር ማለታቸው ይመስለኛል። አላጣራሁም።

ኤዲት፦ ይህን ከለጠፍኩ አምስት ደቂቃው ነው። የመጀመሪያው ኮመንት ገብቷል። «እናመሰግናለን እህታችን፣ ሁሌም ትቀድሚያለሽ። ጥገናው ግን መቼ ያልቃል?»

እስቲ አሁን ምን ብዬ ልመልስላት?