ሮኬቱ ሲነሳ ኑ

ሐበሻ ቀጠሮ አያከብርም የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ሚኒሶታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አስር ደቂቃ አርፍጄ ብደርስ፣ «ሪስኬጁል አድርግ» ተብዬ ያበጠ ጉንጬን ይዤ ተመልሻለሁ። ኤደን ፕሬሪ የምሠራበት መጋዘንማ ሁለት ደቂቃ ካረፈድኩ ማሽኑ ራሱ ያሳብቅብኛል። ታዲያ ሰዓት እንዲህ የሚወድ አገር፣ አንድ ሮኬት ለማስነሳት ሲሆን «ዛሬ አልተመቸንም፣ ሌላ ቀን እንሞክራለን» ብሎ ሕዝቡን ሲያጉላላ ማንም ኤጭ አይልም። እንዲያውም «ተጠንቅቀው ነው» ይባልላቸዋል። አይ እድል!

«ደግሞ አንተ ከሮኬት ጋር ምን አገናኘህ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። የእህቴ ልጅ ዳዊት ሚስት ላግባ ባይል ኖሮ ሮኬቱ ቢነሳ ባይነሳ ግድም አልነበረኝም። ዳዊት ሰላም ከምትባል ልጅ ጋር ከተዋደዱ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሲዋርድ ሰፈር የሚከራዩትን አፓርትመንት እንኳ መርጠዋል። የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ነው። አባቷ ጋሽ ታምራት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ባስ ሾፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ኒው ሆፕ ከሰላም ጋር ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት።

ሽማግሌዎቹ እኔና ኤርፖርት የሚሠራው ጓደኛዬ ገመቹ ነን። ሦስት መሆን ነበረብን፤ ሦስተኛው ሺፍት ተቀየረበትና ቀረ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን፤ እንደ ወጉ ቆመን «ልጅዎን ለልጃችን» አልን። በአንድ ጊዜ እሺ እንደማንባል እናውቃለን፤ እንዲያ ከሆነማ ልጅቷን ለመገላገል የቸኮሉ ይመስላል። «እንመካከርበትና በሳምንቱ ተመለሱ» መባል ያለ ነው። ጋሽ ታምራት ያሉንን የተባለ ሽማግሌ ግን ከኛ በፊት ያለ አይመስለኝም።

«ሐሙስ አመሻሽ ላይ ያ ትልቁ ሮኬት ለሙከራ ይነሳል። እሱ ሲነሳ ኑ፤ መልሴን ያኔ እሰጣለሁ።»

ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ፣ የ169ኙን አውራ ጎዳና ትራፊክ ተጋፍቼ ደረስኩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ የሰው ቤት ውሃ አይቀምስምና፣ ሰላም ያቀረበችውን ሳምቡሳ እያየን ምራቃችንን ዋጥን። ቴሌቪዥኑ ላይ ቆጠራው ግማሽ ደቂቃ ሲቀረው ቆመ። ነዳጅ ያፈሳል ተባለ። ሰላም ስልኳን አየችና «ዳድ፣ ካንስል አደረጉት» አለች። ጋሽ ታምራት ቴሌቪዥኑን ዘጉ። ሰኞ ተመለስን፤ ነፋስ ተባለ። ገመቹ መኪና ውስጥ «እኛ አገር በሬ ስንገዛም እንዲህ አልተመላለስንም» እያለ አጉረመረመ። እኔ ደግሞ የዳዊትን ስልክ ማንሳት ፈራሁ፤ ልጁ እንቅልፍ አጥቶ ፊቱ ከስቷል።

ትናንት ሦስተኛችን ነበር። እንደገና ተራዘመ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት። ጋሽ ታምራት በለሆሳስ «ተመስገን» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ተመስገን? ደሜ ፈላ። «ጋሽ ታምራት፣ ልጃችንን ካልወደዱት ቁርጡን ይንገሩን! እኛ ሽማግሌ ነን ወይስ የሮኬት ዘበኛ?» አልኳቸው። ገመቹ እግሬን ረገጠኝ። እኔ እንደሆንኩ ከጀመርኩ አላቆምም፤ ስለ ትራፊኩም ስለ ሳምቡሳውም ተናገርኩ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ልጁን እወደዋለሁ» አሉ ከዚያ። «የድሮዎቹ ሮኬቶች ከሄዱ ሄዱ ነው፤ ባሕር ውስጥ ይቀራሉ። ይሄኛውን ግን ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ከተነሳበት ማማ ላይ እንዲያርፍ ነው የሚሞክሩት። ሄዶ የሚመለስ ነገር አይቼ ልመን ብዬ ነው።» ሰላም ኩሽና ውስጥ ሳምቡሳውን ወደ ዕቃው ትመልሳለች። ወደዚያ አዩ። «እናቷ ከሄደች ወዲህ እዚህ ቤት የሚሰማው የሷ ድምፅ ብቻ ነው።»

አንጀቴን በሉት። ንዴቴ ግን ገና አልበረደም ነበርና፣ «ጋሽ ታምራት፣ ሲዋርድ እኮ ነው የምትሄደው! ሃያ ደቂቃ ነው!» አልኩ።

«በረዶ ሲጥል አርባ ነው» አሉ።

ልክ ናቸው፤ አንዳንዴማ አንድ ሰዓትም ይሆናል። ተነስተን ወጣን። መኪናውን ሳላስነሳ ዳዊት ደወለ።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«የሲዋርዱን ተወውና እዚሁ ኒው ሆፕ ቤት ፈልግ።»

«ኒው ሆፕ? ሮኬቱስ?»

«ከሳቸው ቤት በእግር የሚደረስ ቤት አግኝ እንጂ፣ ሮኬቱን ማንም አይጠይቅህም» አልኩት።