የኦቦ ቶሎሳ ድራይቨር

ደህና የሚሠራ ዕቃ ካልነካካ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ እዚሁ አምቦ፣ ጎረቤቴ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። አሮጌ ኮምፒውተራቸውን የቤቱ ዋይፋይ ማሰራጫ አድርገውታል። ለኔትወርክ ካርዱ አዲስ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ወጣ ከተባለ ሳይጭኑ አያድሩም፤ በጫኑ ቁጥር ታዲያ ዋይፋዩ ይጠፋል።

ጋምቤላ ያለችው ልጃቸው ሴት ልጅ ወለደችና፣ አያትየው በቪዲዮ ስም ሊያወጡላት እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ተሰበሰብን። ኦቦ ቶሎሳ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ስሟ…» ከማለታቸው ምስሉ ቀጥ አለ።

«ጠዋት የጫንኩት ድራይቨር ነው! የድሮውን እመልሳለሁ» ብለው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፉ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ስልካቸውን አነሱና ጓዳ ገቡ።

በስንት መከራ ምስሉ ተመለሰ። ኦቦ ቶሎሳ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ስሟ ሲፈን ይሁን!» አሉ።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ደውላ ቦንቱ አለቻት!» አለች ልጃቸው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኦቦ ቶሎሳ ሕፃኗን ትክ ብለው አዩና ፊታቸው በራ።

«ቦንቱ… ያምራል» አሉ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዘወር ብለው፣ «ድምፁ ግን ትንሽ ይቆራረጣል፤ አንዴ ልየው እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ይተዉት!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።