ጎሚስታው ዴልማር የፕላም ወንዝን ድልድይ ያስመለሱበት ዜና

የፕላም ወንዝ ድልድይ በጎርፍ በተወሰደ በስድስተኛው ዓመት፣ የቀድሞው እንደራሴ በምክር ቤት ወንበራቸው ማንቀላፋት በጀመሩ በዐሥራ ስምንተኛው፣ ርእሰ ጎሚስታ፣ ፈታሔ ቡለን፣ መላኤ ነፋስ ዴልማር ፕሮኮፕ ጎማ ቤታቸውን በከፈቱ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ ስንዴው ሊያሽት አንድ ወር ሲቀረው የተጀመረው ዘመቻ ይህ ነው። ጸሐፊው እኔ ሮይስ ነኝ። በዚያ ደጅ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክሪክ ያስገባሁ፣ ጎማ ያወረድሁ፣ ሁሉንም በዓይኔ ያየሁ ነኝና፣ ከእኔ የተሻለ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይጻፈው።

ወእምዝ፣ የአገሩ ነገር እንዲህ ነበረ። ድልድዩ ከተወሰደ በኋላ ወረዳችን ሌላ የሚሠራበት አቅም ስላልነበረው፣ በወንዙ ወለል ላይ የተፈለጠ ድንጋይ ደፍቶ "በሉ እለፉ" አለ። ድንጋዩ እንደ ምላጭ የተሳለ ነበርና ተሻግሮ የሚመጣ መኪና ሁሉ እየተንፏቀቀ የሚደርሰው ከእኛ ደጅ ነበር፤ ጎማ ቤታችን መንገዱ ከወንዙ ሽቅብ ከሚወጣበት ላይ ናትና፣ ለዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ ቦታ በምድር ላይ አይገኝም። ዝናብ ሲበረታ ደግሞ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ወደ ከተማ የሚወስደው ዙሪያ አርባ አንድ ማይል ይሆናል። ሕዝቡ አዘነ፤ እኛ ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ወፈርን። ሁለተኛ ክሪክ ገዛን፣ ለደንበኛ መቀመጫ ሶፋ አስገባን፣ እኔም ጥርሴን አሠራሁ።

ከደንበኞቻችን ሁሉ ታላቋ እትዬ ቬልዳ ስታውፈር ነበሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ፣ ዴልማርንም እኔንም በልጅነታችን በጆሯችን ይዘው ወንበር ላይ ያስቀመጡ። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ በየሳምንቱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለእጥበት ከተማ መድረስ አለባቸው። አንድ ቀን ከቀሩ እግራቸው ያብጣል፤ ሁለት ቀን ከቀሩ እግዜር ይወቀው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወንዙ ሞልቶ፣ ዙሪያውን ለመንዳትም አቅም አጥተው፣ ማክሰኞም ሐሙስም ቀሩ። ቅዳሜ የግድ ብለው በዙሪያው ሊሄዱ ሲነሡ ከቤታቸው ወጣ እንዳሉ ጎማቸው ተነፈሰ፤ ወንዙ ጎደል ብሎ ነበርና በተነፈሰው ጎማ እየተንገዳገዱ ወደ እኛ ተሻግረው ከደጃችን ቆሙና ከመኪናቸው ወረዱ፤ ጫማ እንቢ ብሏቸው በቤት ነጠላ ጫማ ነበሩ። እኔ ጎማቸውን አየሁ። ዴልማር እግራቸውን አዩ።

ስለ ድልድዩ ወደ ቀድሞው እንደራሴ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። የመጣው መልስ "መልካም ልደት" የሚል ካርድ ሲሆን፣ የማንም ልደት አልነበረም። ስለዚህ ወበይእቲ ዕለት መላኤ ነፋስ ደማቸው ፈላ፤ መሰላል ተሸክመው ወጡና በደጃችን ካለው ሰሌዳ ላይ "የክረምት ጎማ በቅናሽ" የሚለውን ፊደል አንድ በአንድ ነቅለው ለሕዝቡ ሁሉ ይህን አዋጅ ነገሩ፦ "ዴልማር ለምክር ቤት። ድልድይ አመጣለሁ።"

እኔም ከመሰላሉ ሥር ቆሜ የራሴን አዋጅ ነገርሁ፦ "እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ድልድዩ ከተሠራ ማን ሊመጣልን ነው? በገዛ እጃችን ጉሮሯችንን እንዝጋ?"

ከላይ የወረደው አዋጅ አጭር ነበር፦ "ሮይስ፣ እግራቸውን አይተሃል?"

አላየሁም ነበር። አፈርሁ፤ ቢሆንም ሁለት ቀን አኮረፍኋቸው፤ ሰው ነኝ።

ለዘመቻው የተከተተው ሠራዊት ይህ ነው፤ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ አለቃ ላይል ከነቀይ መኪናው፣ የድንችና የአይብ ትሪ የታጠቁ አራት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እመቤቶች፣ ኮምባይነሩን በሠላሳ ጎማ አስጊጦ የመጣ የዴልማር የአጎት ልጅ፣ በየሰልፉ ከረሜላ የምትበትን የላይል ሚስት፣ ስሟን ማንም የማያውቀው ሦስት እግር ያላት ውሻ፣ እና እያጉረመረምሁ እኔ። በወረዳው አውደ ርእይ ሰልፍ ወጣን፣ በእሳት አደጋው ጣቢያ ፓንኬክ አበላን፣ ለመራጩ ሁሉ የጎማ ነፋስ መለኪያ አደልን። በኅዳር ወር ድምፅ ሲቆጠር ርእሰ ጎሚስታ በሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ድምፅ ድል ነሡ፤ የቀድሞውም እንደራሴ መሸነፋቸውን የሰሙት በማግስቱ ነው ይባላል።

በጥር ወር፣ በረዶው ጉልበት ሲደርስ፣ ፈታሔ ቡለን ክራቫት አሥረው የመዳብ ጉልላት ወዳለው ታላቅ ቤት፣ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት፣ ገቡ። እጃቸውን ሦስት ቀን በሳሙናና በነጭ ጋዝ ቢያሹትም የጎማው ጥቁር ከጥፍራቸው ሥር አልወጣም። በእያንዳንዱ እንደራሴ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴና ቀይ መጫኛ አለ፤ አረንጓዴው እሺ፣ ቀዩ እንቢ ነው፤ የተጫነውም በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ከነስሙ ይበራል። የዴልማር ረቂቅ አዋጅ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የፕላም ወንዝ መንገድ ከወረዳው ተወስዶ ለግዛቱ እንዲሰጥ፣ ግዛቱም ድልድይ እንዲሠራለት የሚል።

እዚህ ላይ የዚያን ቤት ልማድ ልንገራችሁ። አዲስ እንደራሴ የመጀመሪያ ረቂቁን ሲያቀርብ ነባሮቹ ቧልት የሞላበት ጥያቄ ያዘንቡበታል፤ ቀጥሎ ሁሉም ቀይ ይጫኑና ላብ በላብ ያደርጉታል፤ ከዚያ ስቀው ወደ አረንጓዴ ይመልሱለታል። ይህ በእነርሱ ዘንድ ፍቅር ነው። ከአዲሱ ሰው በቀር ሁሉም ያውቀዋል፣ ለአዲሱ ሰው የሚነግረውም የለም። እኔና እትዬ ቬልዳ ሰገነት ላይ ለተመልካች በተዘጋጀው ወንበር ተቀምጠን ነበር፤ ለእኛም የነገረን የለም።

መድን ሻጭ የሆኑ አንድ ወፍራም እንደራሴ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ "የተከበሩ ባልደረባዬ፣ ድልድዩ ለዓሦቹ ጥላ ይሆንባቸዋል። ዓሦቹን አማክረዋል?"

መላኤ ነፋስም ቀልድ አልመሰላቸውምና በትሕትና መለሱ፦ "ዓሣ የለውም ጌታዬ። በጋ ጭቃ ነው ያለበት። በልግ ደግሞ መኪና።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ እንደራሴ ድልድዩን ከመሥራት ወንዙን ማዛወር አይቀልም ወይ አሉ፤ ሌላው የጀልባ ጎማ ስንት ነፋስ ይይዛል ብለው ጠየቁ፤ ዴልማርም ለሁሉም አንድ በአንድ፣ ክራቫታቸውን እየፈቱና እያሠሩ፣ ከልባቸው መለሱ። እትዬ ቬልዳ ክንዴን ጨብጠው "ምንድን ነው የሚያስቃቸው?" አሉኝ። እኔም አላወቅሁም።

አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን መቱ፤ ድምፅ ተሰጠ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ቀላ፤ መቶ ሃያ አራት ቀይ፣ በመካከሉም አንድ አረንጓዴ፣ ፕሮኮፕ የሚል። ልብ በሉ፤ ጉሮሯችን እንዳይዘጋ የጸለይሁት እኔ ነኝ፣ ጸሎቴ ሲሰማ ግን ማልቀስ አማረኝ። እትዬ ቬልዳ ቀዩን አዩት፤ ቀስ ብለው ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

ርእሰ ጎሚስታ ወደ ሰገነቱ ቀና ብለው ያን ኮት ሲቆለፍ አዩ። ሳቁ ገና ሳይበርድ ተነሥተው ጠረጴዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አወጁ፦ "እሺ። ተሸንፌያለሁ። ግን አንዴ ስሙኝ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ያ መንገድ ነው የሚያበላኝ። ድልድይ ባይሠራ ለእኔ ሠርግና ምላሽ ነው። እትዬ ቬልዳ ብቻ በስድስት ዓመት አርባ ሰባት ጎማ እኔ ጋ ቀይረዋል። ጎማ እቀይራለሁ። ኩላሊት ግን መቀየር አልችልም። ከእናንተ የሚችል ካለ ቀዩን ይጫን፣ አልቀየመውም።"

ከፊት ያሉት ዞረው ወደ ሰገነቱ አዩ። ከኋላ የነበሩት ግን ስላልሰሙ መሳቃቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ፣ ቃል መናገር ፈጽሞ ክልክል ከሆነበት ሰገነት ላይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ያስተዳደረው ድምፅ ወረደ፦ "ዝም በሉ! ሁላችሁም ቦታ ቦታችሁ ተቀመጡ! አንተ ከኋላ፣ ባለቀይ ክራቫት፣ እያየሁህ ነው!"

በታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶም አያውቅ። መቶ ሃያ አራት እንደራሴዎች በአንድ ጊዜ ቁጭ አሉ። አፈ ጉባኤው ቆመው ነበር፤ እርሳቸውም ቁጭ አሉ። እትዬ ቬልዳን ሊያስወጣ ደረጃውን የወጣው ጠባቂ ባርኔጣውን አውልቆ ከደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

እትዬ ቬልዳም አዋጃቸውን ቀጠሉ፦ "የምሞተው እኮ እኔ ነኝ! ነገ ሐሙስ ነው። በረዶው ከቀለጠ ወንዙ ይሞላል፣ ማሽኑ ጋ አልደርስም። ይሄ ነው የሚያስቃችሁ?" ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። እኔም አለቀስሁ፤ ለመደበቅም አልሞከርሁም።

አፈ ጉባኤው ፊታቸው ከሰሌዳው ይልቅ ቀላ። ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ልማዳችን ነው፤ አዲስ ሲመጣ እንቀልድበታለን። ረቂቁን ግን ሁላችንም እንደግፋለን።"

"ታዲያ ምን ይገትርሃል? ተጫን!"

ተጫኑ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። መድን ሻጩ እንደራሴ ሁለት ጊዜ ተጫኑት አሉ፣ እንዳይሳሳቱ። መላኤ ነፋስ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው በክራቫታቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ በማግስቱም እትዬ ቬልዳን ከቤታቸው አንሥተው በአፈ ጉባኤው መኪና፣ አፈ ጉባኤውን ሹፌር አድርገው፣ የወንዙ መሻገሪያ በበረዶ ተዘግቶ ነበርና በአርባ አንዱ ማይል ዙሪያ ወደ ማሽኑ አደረሷቸው። በሠላሳኛው ማይል ጎማው ተነፈሰ፤ የተከበሩ አፈ ጉባኤም በበረዶ ላይ ተንበርክከው ክሪክ አስገቡ።

አዋጁ በጸደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በመስከረም፣ ድልድዩ ተሠርቶ አለቀ። ቅዳሜ ሪባን ተቆረጠ፣ የሜቶዲስት እመቤቶች ትሪያቸውን አመጡ። ማክሰኞ ጠዋት እኔና ዴልማር ከደጃችን ቆመን ሳለ የእትዬ ቬልዳ መኪና ከወዲያ ማዶ ብቅ አለች። ልማድ ክፉ ነው፤ እኔ ክሪኩን አነሣሁ፣ እርሳቸው የቡለን መፍቻውን። መኪናዋ ድልድዩን ተሻገረች፣ ሽቅብ ወጣች፣ ጥሩምባዋን ነፋች፣ አለፈች። ዴልማር መፍቻውን እንደያዙ ከኋላዋ እያዩ "አየሃቸው? አልቆሙም እኮ! ሮይስ፣ አልቆሙም!" እያሉ እንደ ሕፃን ዘለሉ። ያን ቀን ሌላ ማንም አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ዐርብ ሶፋውን ሸጥን።

እነሆ፣ ኦ አንባቢ፣ ከተማ የያዘ ጀግና ብዙ ነው፤ አገር የዘረፈም ሞልቷል። የገዛ ገበያውን በገዛ አዋጁ ድል ነሥቶ፣ ባዶ ደጁ ላይ ቆሞ በደስታ የዘለለ ግን ከዴልማር ፕሮኮፕ በቀር አላየሁም። ርእሰ ጎሚስታ፣ ፈታሔ ቡለን፣ አሻጋሬ ፕላም፣ መዋዔ ቀይ ሰሌዳ ዘመናቸው ይርዘም፤ ሌላ ሥራ ስለሌላቸው ለሁለተኛ ዘመን ይወዳደራሉና ምረጧቸው። እትዬ ቬልዳ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በሰዓታቸው፣ ጫማቸውን አድርገው ያልፋሉ። እኔ ጸሐፊው ሮይስም ቡለን የሚያስፈታ ሰው ካለ ብዬ እስካሁን ከደጁ ቆሜአለሁ፤ ጥሩምባዋን በሰማሁ ቁጥር፣ እንጀራዬን ይዛብኝ ስታልፍ፣ ደስ ይለኛል።