የበሽተኛ ቤት ዜና አብሳሪ

በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሁለት ዓይነት ጠያቂ አለው። አንደኛው ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይተክዛል፣ ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ዜና ይዞ ይመጣል። ይኼኛው የተባረከ ሰው የት አገር ምን ዓይነት መድኃኒት እንደተገኘ ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቃል፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይሸኙት አይሄድም። እኛም ቤት አንድ ነበሩን። ክቡር ጎረቤታችን፣ ጡረታ አልወጣም ያሉት መነጽር ሠሪ።

ባለቤቴን የያዛት የጉበት ቫይረስ ነው። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ከርሞ ሲታወቅ ጊዜው አልፏል። ክኒኑ ቫይረሱን ያዝ ቢያደርገውም ጉበቷ ቀድሞ ጠጥሯል። ይህን ሐኪሟ በነገረችን ሳምንት ክቡርነታቸው ሁለት መነጽር ደራርበው፣ ከስልካቸው ላይ በእጃቸው የገለበጡትን ወረቀት ይዘው ከተፍ አሉ።

«ልጄ፣ ጥቂት ነው የቀረው!» አሏት፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ናኖ!»

ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ። ከጭንቅላቴ አንድ ፀጉር ሳያስፈቅዱኝ ነጨት አደረጉና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «ናኖ ማለት ዓይን የማያየው ደቃቅ ነገር ነው። ይቺን ፀጉር ከጎኗ ሺህ ቦታ ብትሰነጥቃት፣ አንዷ ስንጣሪ ያህላል መድኃኒቱ። ላዩን የጉበት ሴል ልብስ ያለብሱታል። ቫይረሱ ደግሞ ሌባ ነው፤ የሚገባበትን ቤት በልብሱ ነው የሚለየው። ቤት ያገኘ መስሎት ጥምጥም ሲልበት፣ በቃ! እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።»

ባለቤቴ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጡ ነበር። በመጡ ቁጥር የቀረው ጥቂት ነው። ከወር በኋላም ያው ጥቂት ነው። አንዴ የወርቅ ቅንጣት፣ አንዴ የስብ ኳስ፣ አንዴ ደግሞ ከከሰል የተሠራ የማይታይ ነገር ያመጡልናል። እኔ በሩ ሲንኳኳ ልቤ ድክም ይል ጀመር።

ግን ሰውዬው እንዳገኙ የሚያወሩ አልነበሩም፤ ይህንንም መመስከር አለብኝ። እህቴ አንድ ቀን ከመንገድ ላይ ሻጭ «ናኖ ብር» የሚል ጠብታ በጠርሙስ ገዝታ መጣች። ክቡርነታቸው ጠርሙሱን በማጉያ መነጽር ዞር ዞር አድርገው መረመሩት። ማን እንደሠራው አልተጻፈበትም።

«እዚህ ውስጥ ያለው ብር» አሏት፣ «ካንቺ ቦርሳ የወጣው ብቻ ነው።» ተነሥተውም መታጠቢያው ላይ ደፉት። እህቴ እስከ ዛሬ አኩርፋቸዋለች።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ቤት ካልተከተልኩ አሉ። ሐኪሟ አየቻቸውና «አባቷ ነዎት?» አለቻቸው።

«አይደለሁም። ምርምሩን የምከታተል ነኝ።»

ሐኪሟ ፈገግ አላለችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው። «ያነበቡት ልክ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በብልቃጥ ውስጥና በአይጥ ላይ ውጤቱ ጥሩ ነው። በሰው ላይ ግን ገና ነው። ለእሷ ተስፋ ላደርግበት አልችልም።»

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ጨመቅ አደረጉና «ሰምተሃል?» አሉኝ። «ጥሩ ነው አለች!»

የባለቤቴ ሆድ ውኃ እየቋጠረ፣ ዓይኗ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቢጫ እየሆነ በሄደበት ሰሞን ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ እሷ አሸልባ ነበር። እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው ስለ አዲስ ሙከራ ያነቡልኛል፤ ከሃያ አይጦች አሥራ ሰባቱ ድነዋል።

«ይብቃዎት ጋሼ!» አልኩ። «አይጦቹ ዳኑ። ሚስቴ እየሞተች ነው!»

ወረቀታቸውን አጠፉ። ኮታቸውን በቁማቸው ለበሱ፤ አንዱ እጅጌ እንቢ ብሏቸው ሲታገሉ እንኳ ተነሥቼ አላገዝኳቸውም። ወጡ።

እሷ ለካ ነቅታ ሰምታለች። «ሂድና ይቅርታ ጠይቀህ አምጣልኝ» አለችኝ።

«ምን ያደርጉልሻል? ቅዠታቸውን ነው የሚያወሩት።»

«ሌላው ሰው ሁሉ ዛሬ እንዴት እንዳደርኩ ነው የሚጠይቀኝ። ስለ ከርሞ የሚያወራኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ መጡና ከአሥራ ስምንተኛው አይጥ ቀጠሉ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እጇ በእጄ ውስጥ እያለ አረፈች።

ክቡርነታቸው ቀብሩ ላይ ከሩቅ ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ ጠፉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ጸጥታውን እንዲህ እንደምጠላው አላውቅም ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሱቃቸው ሄድኩ። ጎንበስ ብለው የአንድ ሰው መነጽር ጠርዝ እየሞረዱ ነበር። ቀና አላሉም።

«ምነው ጠፉ ጋሼ?»

«ምን ይዤ ልምጣ?»

ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «ዋሽቼሃለሁ» አሉኝ። «እሷን ግን አልዋሸኋትም። መጀመሪያ አካባቢ አንተ ፋርማሲ በሄድክበት ‹እውነቱን ይንገሩኝ፣ ይደርስልኛል ወይ?› አለችኝ። ልዋሽ ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ። አይደርስም ልጄ፣ ለሌሎች ይሆናል እንጂ ላንቺ አይደርስም አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹እንግዲያው ማውራቱን እንዳይተዉት› አለችኝ። ‹እርስዎ አውርተው በሄዱ ቀን ባለቤቴ ራቱን ይበላል። በሌላው ቀን ሳህኑን እያየ ነው የሚነሣው።›»

እኔ ለካ ስምንት ወር ሙሉ እሷን የማስታምም መስሎኝ ነው። የሚያናድዱኝ እኚህ ሰው በሄዱ ቁጥር ወጥ ቤት ቆሜ ጠርጌ መብላቴን አላስተዋልኩትም። እሷ ከአልጋዋ ሆና የሳህኑን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

ማልቀሱ አልሆነልኝም። ወንበር ሳብኩ።

«ከዚያ ወዲህ ምን አነበቡ?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉ፣ መሳቢያቸውን እየከፈቱ። እስከ አፉ በወረቀት ሞልቷል።

እያነበቡልኝ ብዙ ቆየን። ገና በአይጥ ላይ ነው። ከዚያ የቋጠሩትን ምሳ ከጠረጴዛው ሥር አወጡ፣ ለሁለት ከፈሉት፣ ትልቁን ድርሻ ወደ እኔ ገፉት። በላሁት።