የጋሼ በእኛቤት ካርቶኖች

«በእኛ ቤት» ባይ የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ አልተፈጠረም። ቤቱ ፈርሶ እንኳ «በእኛ ቤት» የሚለው ሰው አይጠፋም። ማን ማንን እንደወጣ ያውቃል። ማን በምን እንደማይታመም ያውቃል። ገና ጥርስ ያላበቀለች ሕፃን ምን ሆና እንደምትቀር ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር ዝም ማለትን ብቻ ነው።

የዚህኛው ቤተሰብ ባለሥልጣን ክቡር ጋሼ በእኛቤት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የእህታቸው ልጆች ሲሆኑ የሚጠሯቸውም በሌሉበት ነው። ሙያቸው እንደ አባታቸው ልብስ ስፌት ነው። ለደንበኛ ሲሆን ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ትከሻና ወገቡን ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካሉ። ለዘመድ ግን ሜትር አያነሡም።

«የገዛ ሥጋዬን በሜትር? ነውር እኮ ነው!»

ለዘመድ ካርቶን አላቸው። በሱቃቸው የኋላ ግድግዳ ላይ ያሉትም የሞቱትም ዘመዶች የልብስ ልክ በካርቶን ተቆርጦ፣ በየሚስማሩ ተሰቅሏል። ልጅ ሲወለድ ጋሼ አንዴ አየት ያደርጉና ይፈርዳሉ፤ ይግባኝ የለም። «ይሄ ወንድሜን ነው» ካሉ የልጁ ልብስ ዕድሜ ልኩን የሚቆረጠው በወንድማቸው ካርቶን ነው። እጅጌው ቢረዝም «ይደርስበታል።» ደረቱ ቢጠብ «ሰብሰብ ብለህ ቁም፤ ወንድሜ እንደዚህ ተንጠራርቶ አያውቅም።»

ነገሩ በልብስ ቢያበቃ ምን ነበረበት። የእህታቸው የመጀመሪያ ልጅ የተመደበው በመጠጥ ለሞተው አጎት ነበር። ልጁ አራት ቀኑ ነበር። «በእኛ ቤት በየትውልዱ አንድ ጠጪ አይጠፋም» እየተባለ፣ ብርጭቆ ባነሣ ቁጥር እየተሳቀ አደገ። ሃያ አምስት ሲሞላው ሥራውንም ትዳሩንም ጠጥቶ ጨረሰ። ጋሼ «አላልኳችሁም?» አሉ። ልብሱ ለልጁ አልተሰፋም፤ ልጁ ነው ለልብሱ የተሰፋው።

ታናሽ እህቱ ደግሞ የጋሼን እናት ናት ተባለች። ታጋሽ። ጋሼም እስከ ዛሬ «እናትዬ» ይሏታል። ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና በደረሳት ጊዜ «እናትዬ፣ በእኛ ቤት ሴት ድልድይ አትሠራም፤ እናቴ እኮ ወንዝ እንኳ ተሻግራ አታውቅም» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። መሳቋን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። አሁን የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ የሰው ልጆችን ፋይል በፊደል ተራ ትደረድራለች። ታጋሽ ናት ስለተባለች ደክሞሽ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

ጤናም ቢሆን የሚታየው በዚያው ችሎት ነው። አንድ ቀን ጋሼ ከስፌት መኪናቸው ሥር ወድቀው ተገኙ። ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ነርሷ ክንዳቸውን አሥራ ለካችና ደነገጠች።

«አባባ፣ ደም ግፊት አለብዎት።»

«በእኛ ቤት ደም ግፊት የለም።»

«ማሽኑ እኮ ነው የሚለው!»

«እንግዲያስ እሱን አስተኚው።»

ይህን ሁሉ ታጋሿ የእህታቸው ልጅ ችላ ኖራ ነበር። የስምንት ዓመት ልጇ ግን ዘንድሮ ውኃ መጠጣት ጀመረች። በጆግ። አልጋዋ ላይ መሽናት ጀመረች። ክፍል ውስጥ ትተኛለች የሚል ወረቀት መጣ። ዩኒፎርሟ ወገቧ ላይ አልቆም ሲል፣ ይጥበብላት ብላ ጋሼ ዘንድ ወሰደቻት።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ከስታለች። ሐኪም ቤት ልውሰዳት እያልኩ ነው።»

«ምን ሆና?» አሉ፣ ዩኒፎርሙ ላይ መርፌ እየሰኩ። «ትንሽ እህቴን ናት ብያችሁ የለም? እሷም እንዲህ ነበረች። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ውኃ ስትጠጣ ግመል! በእኛ ቤት ስኳር የለም፣ እናትዬ። ታገሺ።»

ከግድግዳው ላይ በልጅነቷ የሞተችውን የትንሽ እህታቸውን ካርቶን አወረዱና «ያዢልኝ» ብለው መቀስ ፍለጋ ዞሩ።

ካርቶኑ ወገቡ ላይ ሦስት የእርሳስ መስመር ነበረው። በየመስመሩ ወር ተጽፏል። መስከረም። ኅዳር ሁለት ጣት ገባ ብሎ። ጥር ደግሞ ሦስት ጣት።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ። አባቴ ዘንድ ስማር የቆረጥኩት የመጀመሪያ ልብስ ነው።»

«ልጅ እያደገች ልብሷ ለምን ይጠባል?»

ጋሼ መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«ከጥር በኋላስ?»

መቀሱ በእጃቸው ላይ ቆመ። «ከጥር በኋላ» አሉ፣ «ልብስ አላስፈለጋትም።»

ታጋሿ ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልታገሠችም። ልጇን ከነመርፌው፣ ከነጠመኔው ተሸክማ ወጣች። ሐኪሙ ከጣቷ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ አየና አስተኛት። «ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

ጋሼ ሆስፒታል አልመጡም። በእኛ ቤት ሆስፒታል አይኬድም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ኢንሱሊኗን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ልትመለስ ስትል እናትና ልጅ ሱቁ ሄዱ። ጋሼ ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩና የልጅቷን ወገብ ለኩ። ደግመው ለኩ። በአዲስ ካርቶን ላይ ጻፉ።

«ታዲያ አሁን ማንን ናት?» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ውስጥ ማር አልነበረም።

«እኔ ምን አውቄ!»

ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ዩኒፎርሙ ሲያልቅ በቀኝ በኩል በድርብ ስፌት የተመታ ኪስ ነበረው።

«ይሄስ?»

«ለከረሜላዋ። ስኳሯ ወርዶ ሲያንቀጠቅጣት ቶሎ መጉረስ አለባት አሉ። ያቺን ነርስ ጠየቅኳት፤ የደም ግፊት ክኒኔን ልወስድ ስሄድ።» ቀና አሉና ቆጣ ብለው፦ «ደግሞም በእኛ ቤት ሴት ልጅ ያለ ኪስ ከቤት ወጥታ አታውቅም!»

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአንዲት የቤተሰብ ሴት ልጅ ኪስ ሰፍተው አያውቁም። የእህታቸው ልጅ ይህን ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ወንድሟም። ወንድሟ እንደሆነ ካርቶኑን ሞልቶት ቀርቷል። የሽማግሌውን ጣቶች አየች፤ ክሩን አሁንም አልለቀቁትም።

«ለእኔም አንድ ባለ ኪስ ይስፉልኝ፣ ጋሼ» አለች።

እጃቸው እንደልማዱ ወደ እናታቸው ካርቶን ሄደ። መንገድ ላይ ቆመና ወደ ሜትሩ ዞረ። በአርባ አንድ ዓመቷ ትከሻዋን ለኳት። ደግመው ለኩ።

«አርባ ሁለት» አሉ ግራ ገብቷቸው። «እናቴ እኮ ሠላሳ ስምንት ነበረች።»

«ይጻፉት» አለች።