ከግድግዳው ማዶ የተሰደበው አለቃ

ቀን፦ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቦታ፦ የሕንፃው ምድር ቤት፣ ከውሃ ፓምፑ አጠገብ

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረተኛ የመጋዘን ኃላፊ፤ ነዋሪው ሁሉ «አለቃ» የሚላቸው)፣ የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣ ፀሐፊዋ (የተከሳሹ ባለቤት፤ ይህ በእጅ ጽሕፈቷ ላይ ለውጥ እንዳላመጣ ታረጋግጣለች)።

ያልተገኘ፦ ባለታክሲው። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሲሆን፣ ለስብሰባው ሲባል ድራሙ ዝም በማለቱ እንቅልፍ ጥሎታል። ከአራቱ የነዋሪዎች ኮሚቴ አባላት ሦስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ተከሳሽ፦ ፋርማሲስቱ፣ በስተርጅና ድራም መማር የጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የድራሙ ጩኸት

ልብስ ሰፊዋ በስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ያለው እግራቸው ሳያውቁት ከድራሙ ጋር እየሮጠ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እንዳጣመመባቸው ገለጹ። ቀሚሱን የምትለብሰው የተከሳሹ ልጅ ናት። ተከሳሹም ሠርጉ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን፣ ልጁ «አባዬ፣ አንድ ዘፈን ብቻ ምታልኝ» ብላ ቃል እንዳስገባችው አስረዳ። ፀሐፊዋ እዚህ ላይ መጻፍ አቁማ ነበር፤ ይመዝገብ። ከረጅም ውይይት በኋላ ድራሙ ከሕንፃው እንዲወጣ በሁለት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። አንዷ ማን እንደሆነች አይጠቀስም።

አጀንዳ 2፦ የሰብሳቢውን ክብር ስለመዳፈር

ሰብሳቢው ከተከሳሹ ጋር ግድግዳ እንደሚጋሩ፣ በየቀኑ «አለቃ፣ ምነው ጥለኸኝ ሄድክ!» ትናንትና ደግሞ «ይሄን አለቃ በመስኮት ነው የምወረውረው!» ሲባል በጆሯቸው እንደሰሙ ተናገሩ። «ልክ አስገባዋለሁ!» ብለውም ጠረጴዛ መቱ። ተከሳሹ ደረጃው ላይ ቆሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነ።

ከተወሰነበት በኋላ የመናገር ዕድል የተሰጠው ፋርማሲስት «ኧረ እርስዎን አይደለም ጋሼ! ሜትሮኖሙን ነው አለቃ የምለው» በማለት ቲክ ቲክ የሚል ትንሽ ዕቃ ከኪሱ አወጣ። ጀማሪ ሳያውቀው ስለሚሮጥ ዕቃው ፍጥነቱን ይጠብቅለታል። «ምቴ ልክ ከገባ የአለቃ ድምፅ ከሥሩ ይደበቃል፤ አይሰማም። እስካሁን ግን ዝም ብሎልኝ አያውቅም።» ልብስ ሰፊዋ «እኛስ አለቃ ዝም ያለበትን ቀን መቼ አየን?» በማለታቸው ሥርዓት እንዲይዙ ተነገራቸው።

ሰብሳቢው ይህ የሕፃን ሥራ መሆኑን ገልጸው በእርሳስ ጠረጴዛውን መምታት ጀመሩ። ቀደሙ። ቀጥሎም ዘገዩ። ዕቃው ተበላሽቷል እንዲባል ያቀረቡት ሐሳብ ደጋፊ አላገኘም። ልብስ ሰፊዋ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» አሉ። ሰብሳቢው ኮታቸውን አወለቁ። ፋርማሲስቱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «አይሩጡ ጋሼ፣ ይጠብቁት» እያለ በጣቱ አብሯቸው መታ።

በመጨረሻ የሰብሳቢው ምት ከዕቃው ጋር ገጠመና ቲክ ቲክታው ከሥሩ ጠፋ። ሁለቱም አለቆች ዝም አሉ። የፀሐፊዋ ባል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሰብሳቢው በሹክሹክታ «ሰማችሁ?» አሉ። ምንም እንዳልሰማን ገለጽን። «እሱን እኮ ነው የምለው!»

ልዩ ልዩ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ድራሙ ካለበት እንዳይነቃነቅ፣ ሰብሳቢውም በራሳቸው ጥያቄ በየቀኑ ልምምዱ ላይ እንዲገኙ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተበተነው ባለታክሲው በፒጃማ ወርዶ «አሁን ደግሞ ማነው የሚደበድበው?» በማለቱ ነው። ሁላችንም ወደ ሰብሳቢው ጠቆምን። ሰብሳቢው እርሳሱን እንደያዙ ወደ ዕቃው ጠቁመው «አለቃ ነው» አሉ።