በቀቀኑና ካቦው

በቀቀን የሰማውን ከመድገም ሌላ ምን ያውቃል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት።

በጃንሆይ ዘመን አቃቂ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ፣ የውጭ አገር ሰው የነበረው ኢንጂነራችን ቀይ ጅራት ያለው ግራጫ በቀቀን ነበረው። ቢሮው መስኮት ላይ በሽቦ ቤቱ ተቀምጦ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያዳምጠናል። የእያንዳንዳችንን ድምፅ ለይቶ ሲያስመስል ሥራችንን ያስረሳን ነበር፤ እንዲህ ያለውን ፍጡር ማን ይጠላዋል?

ካቦአችን ጋሽ በየነ ደግሞ አለቃ ፊት የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልክ ነው ጌታዬ።» እናንተስ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም?

አንድ ቀን ኢንጂነሩ ማሽኖቹ ሳይቆሙ እንዲጸዱ አዘዘ። ጋሽ በየነ «ልክ ነው ጌታዬ» አሉ። እሱ ዘወር ሲል ግን መስኮቱ ሥር ቆመው፣ «ይሄ ሰውዬ የሰው እጅ ሊያስቆርጥ ነው» እያሉ ሦስት ቀን አጉረመረሙ።

በአራተኛው ቀን ኢንጂነሩ ሰበሰበንና በተሰባበረ አማርኛው፣ «ማሽን እየሄደ ማጽዳት ይቻላል፣ አይደለም?» ሲል፣ ከመስኮቱ የጋሽ በየነ ድምፅ መጣ፤

«ይሄ ሰውዬ የሰው እጅ ሊያስቆርጥ ነው።»

ኢንጂነሩ ዞሮ አያቸው። አፋቸው ግጥም ብሏል።

«እውነት እጅ ይቆርጣል?» ሲል ጠየቃቸው።

ጋሽ በየነ ላባቸውን ጠርገው፣ «ልክ ነው ጌታዬ» አሉ።

ትእዛዙ እዚያው ተሻረ፤ እኔም አሥሩንም ጣቶቼን ይዤ ጡረታ ለመውጣት በቃሁ። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ በየነን መስኮቱ ጋ አየኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው በቀቀኑን፣ «እንደምን አደሩ?» ይሉታል።